ቤት ከመሥራት አስቀድሞ ስለሚጠየቅ ፈቃድ

በከተማ ቤት የሚሠሩ ብዙዎች የግንባታ ፈቃድን የገንዘብ መክፈያ ብቻ አድርገው ያዩታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ከጣራው የሚወድቅ ሰው ደም እንዳይሆንበት፥ ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅ ታዟል። ቤቱ የባለቤቱ ቢሆንም የሰው ሕይወት አደራ አለበትና።

በአገራችንም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከሁለት ፎቅ በታች ያለውን የግል መኖሪያ ቤት በመጀመሪያው ምድብ አኖረ፤ የሚመረምር የሕንፃ ሹምም እንዲኖር ደነገገ።

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ አገር ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው፤ ነፋስ መውጫም እንደ ስሟ ነፋስ የሚበረታባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ ቆርቆሮው በሚገባ ካልታሰረ፥ ለክረምቱም ጎርፍ መውረጃ ካልተበጀለት፥ ጉዳቱ ከታች ላለው ጎረቤት ይተርፋል።

መሠረት በአፈር ከተሸፈነ በኋላ ስሕተቱ አይታይም። ስለዚህ ባለቤቱ ሳይሸፍነው መርማሪውን ይጥራ፤ ሹሙም ሳይዘገይ ይምጣ። ደጅ መጥናት ሲረዝምበት ሰው በሌሊት መሥራት ይጀምራልና፥ የሹም መዘግየት ሕግን ማፍረስ ያስተምራል። ፈቃድ በጊዜው የሚሰጥ ሹምና ምርመራን የማይሸሽ ባለቤት ግን የልጆችን እንቅልፍ በአንድነት ይጠብቃሉ።