ቃል ቢጠፋ ዘፈን አይጠፋም

በግቢያችን ስለ ሙዚቃ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ አስተያየት ሳይሰማ አይቀርም። ይኸውም «ጥሩ ዘፈን ማለት በስቱዲዮ ተቀርጾ ጉድለቱ ሁሉ ተለቅሞ የወጣ ዘፈን ነው፤ በመድረክ ላይ የተቀዳው ግን ጩኸትና ጭብጨባ የተቀላቀለበት ተራ ነገር ነው» የሚል ነው። ከዚህም አስተያየት የተነሣ በምሽት ዝግጅቶቻችን አንድ ልማድ እየገባ መጥቷል። ዘፋኙ መድረክ ላይ ይወጣል፤ በፍላሽ የመጣው ዘፈን ከነድምፁ ይለቀቃል፤ ዘፋኙ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ይህን ልማድ አንደግፈውም። የማንደግፍበትንም ምክንያት አንድ የታወቀ የመድረክ ቅጂ ምስክር አድርገን ልናስረዳ እንወዳለን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምስክራችን አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ኤላ ፊትዝጄራልድ ናት። ኤላ በ1917 ተወልዳ በ1996 አረፈች። በ1934 ኒው ዮርክ ውስጥ በሃርለም በሚገኘው በአፖሎ ቲያትር በተደረገው የጀማሪዎች ውድድር ላይ የቀረበችው ለመጨፈር አስባ ነበር። መድረኩ ላይ ስትደርስ ግን ሐሳቧን ለወጠችና ዘፈነች፤ አሸነፈችም። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 17 ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ ስሟ ከሁሉ ይልቅ የተያያዘው አሜሪካኖች «ስታንዳርድ» ከሚሏቸው ዘፈኖች ጋር ነው። እነዚህ በተለይ ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ለቲያትርና ለፊልም የተደረሱ፣ በኋላ ግን ዘፋኝ ሁሉ በየራሱ መንገድ የሚያነሣቸው ዘፈኖች ናቸው። ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። ትዝታን ካሣ ተሰማ በክራሩ ተጫውቶታል፤ ጌታቸው ካሣና ማሕሙድ አሕመድ ከባንድ ጋር ዘፍነውታል፤ በዛወርቅ አስፋውም በራሷ ድምፅ አንጎራጉራዋለች። «ትዝታ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው «እገሌ ትዝታን እንዴት አድርጎ ተጫወተው?» ተብሎ ነው። ስታንዳርድም የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው።

ኤላ እነዚህን ዘፈኖች በሁለት መንገድ አስቀርጻቸዋለች። አንደኛው በስቱዲዮ ነው። ኖርማን ግራንዝ የተባለው ሥራ አስኪያጇና አሳታሚዋ ከ1956 እስከ 1964 ድረስ የታላላቅ ደራሲዎችን ዘፈኖች በስምንት ተከታታይ አልበሞች አስወጣላት። ከነዚህ አንዱ በ1959 በኔልሰን ሪድል ቅንብር የተሠራው የጆርጅና የአይራ ገርሽዊን ዘፈኖች ስብስብ ነው። በውስጡ «ዘ ማን አይ ላቭ» የሚለው ዘፈን ይገኛል። ትልቅ ኦርኬስትራ ከኋላዋ ቆሞ፣ ድምፁ ሁሉ ተመጥኖና ተስተካክሎ ይሰማል። እኛም የምናደንቀው ሥራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መድረክ ነው። በየካቲት 13 ቀን 1960 ኤላ በምዕራብ በርሊን ዶይችላንድሃሌ በተባለው አዳራሽ፣ ወደ 12 ሺህ በሚጠጋ ሕዝብ ፊት ቆመች። አብረዋት የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ፖል ስሚዝ በፒያኖ፣ ጂም ሆል በጊታር፣ ዊልፍሬድ ሚድልብሩክስ በቤዝ፣ ገስ ጆንሰን በድራም። ያንኑ «ዘ ማን አይ ላቭ» እዚያም ዘፍናዋለች። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ የሰማ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት የሙዚቃ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። በስቱዲዮው ዘፈኑ ያለቀለት ሥራ ሆኖ ይቀርብልናል፤ በበርሊኑ ግን ሲሠራ እንሰማዋለን። ድምጿን የሚደግፋት ብዙ መሣሪያ ስለሌለ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል፤ የሕዝቡ ጸጥታም የዘፈኑ ክፍል ይሆናል።

በዚያ ሌሊት የሆነው ዋነኛ ነገር ግን ሌላ ነው። በ1959 ቦቢ ዳሪን የተባለው ወጣት ዘፋኝ «ማክ ዘ ናይፍ» በሚለው ዘፈን ገበያውን ሁሉ ይዞት ነበር። ኤላ ይህንኑ ዘፈን ልትሞክር ተነሣችና የግጥሙን ቃላት ሁሉ እንደምታስታውስ ተስፋ እንደምታደርግ ለሕዝቡ አስቀድማ ተናገረች። እንደ ፈራችውም ሆነ። ከዘፈኑ መካከል ላይ ግጥሙ ጠፋባት። አላቆመችም። ምቱን ሳትለቅ፣ ዜማውን ሳትስት፣ እዚያው ላይ አዲስ ስንኝ ትገጥም ጀመር። ግጥሙ እንደ ጠፋት በዘፈን ተናገረች፤ ዘፈኑን ከእሷ በፊት የዘፈኑትን የቦቢ ዳሪንንና የሉዊ አርምስትሮንግን ስም አነሣች፤ እሷና ጓደኞቿ ዘፈኑን እያበላሹት መሆኑን በራሷ ላይ ቀለደች፤ በመጨረሻም የአርምስትሮንግን ሻካራ ድምፅ አስመስላ አዳራሹን አናወጠችው። አራቱ ተጫዋቾች አንድም ጊዜ አልተደናገሩም። ግራንዝም ያንን ቅጂ አልጣለውም፤ ምንም ሳያርም አሳተመው። በ1961 በተደረገው የግራሚ ሽልማት አልበሙ አንድ፣ ያ ቃል የጠፋበት ዘፈንም ሌላ አንድ ሽልማት አስገኙላት።

ዘፈኑና አዳራሹ የነበራቸውንም ታሪክ ማስታወስ ይገባል። «ማክ ዘ ናይፍ» በመጀመሪያ የጀርመን ዘፈን ነው። ግጥሙን በርቶልት ብሬሽት፣ ዜማውን ኩርት ቫይል ደርሰውት በ1928 በዚያችው በበርሊን ለቲያትር ቀረበ። ቫይል አይሁዳዊ ስለ ነበር ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ካገሩ ተሰደደ። ዶይችላንድሃሌ ደግሞ በ1935 ተሠርቶ ሂትለር ራሱ የመረቀው አዳራሽ ነው። (ሕንፃው በ2011 ፈርሷል።) እንግዲህ የስደተኛው ዜማ በአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አፍ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ፤ ያውም በአሳዳጁ አዳራሽ ውስጥ። ይህ ትርጉም ከሌላ ከተማና ከሌላ ሌሊት ሊገኝ የሚችል አልነበረም።

«ስሕተትን ማመስገን ስንፍናን ማደፋፈር አይደለምን?» የሚለን ይኖር ይሆናል። እኛ የምናመሰግነው መርሳቷን አይደለም፤ ከረሳች በኋላ የተገኘውን ዕውቀት ነው። ግጥም የሚጠፋበት ሰው ብዙ ነው፤ ግጥም ጠፍቶበት ቤት የሚመታ ስንኝ ወዲያው የሚያወጣ ግን ጥቂት ነው። ያ ችሎታ ከአፖሎ ውድድር ጀምሮ ለ26 ዓመታት ያህል በየመድረኩ የተጠራቀመ ነበር። አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አዝማሪው ከእንግዳው አፍ የተቀበለውን ቃል ሳይውል ሳያድር በማሲንቆው ላይ ስንኝ አድርጎ ይመልሰዋል። እሱን ከንፈሩን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ብናደርገው አዝማሪነቱ ምኑ ላይ ነው?

«ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው፤ ለአርባ ምንጭ ምን ይጠቅማታል?» ለሚለውም መልሳችን ቅርብ ነው። ከከተማችን ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው ዶርዜን ያገኛል። የዶርዜ ዘፈን አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍነው አይደለም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው በላዩ የራሱን ዜማ ያሳርፋል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የቀረው ሕዝብ ደግሞ ከሥር ይይዛል። ሁሉም የየራሱን እየዘፈነ አንድ ዘፈን ይሆናል። ሸማኔዎቹ ከአዲስ አበባ ወደ አገራቸው በሚመለሱበት በመስቀል ሰሞን ይህን መስማት ይቻላል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ በ1970ዎቹ ይህን ዘፈን እዚያው ሰው በሚዘፍንበት ቦታ ቀድቶ በሸክላ እንዲታተም አድርጓል። የውጭ አገር ሰው ከሩቅ መጥቶ የቀዳውን እኛ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠን ሳንቀዳው ብንቀር ምን ይባላል?

በመድረክ የተቀዳ ሙዚቃ ለዘመናዊውም ዘፈናችን እንደሚበጅ ማስረጃ አለ። በጥር ወር 2004 ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የቦስተን ባንድ አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን የቆዩ ዘፈኖች በመድረክ ተጫውቷል። ሙላቱ አስታጥቄና ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያም አብረውት ተሰልፈዋል። ዝግጅቱ ተቀድቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም 20ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። እዚያ የኛ ዘፈኖች ለአሜሪካኖች ስታንዳርድ ሆኑላቸው ማለት ነው። ያ ምሽት ባይቀዳ ኖሮ ዛሬ የሚያወሩት በአዳራሹ የነበሩት ብቻ በሆኑ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባሎችና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በምሽት ዝግጅቶቻችን የሚወጣ ዘፋኝ በገዛ ድምፁ ይዝፈን። ባንድ ባይኖር አንድ ክራር ወይም አንድ ጊታር ይበቃል፤ ኤላንም አራት ሰዎች በቅተዋታል። ድምፁ ቢሰበር ወይም ቃል ቢጠፋው የምንስቅበት ሳንሆን የምንቀበለው እንሁን። ሁለተኛ፣ ዝግጅቱ በዘፋኞቹ ፈቃድ ይቀዳ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከመድረኩ ፊት በደኅና ቦታ የተቀመጠ አንድ ስልክ ይበቃል። ቀኑ፣ የዘፈኑ ስምና የተጫዋቾቹ ስም ተጽፎ ከቅጂው ጋር በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። የዶርዜና የሌሎች የጋሞ ዘፈኖች አዋቂዎች ሲጋበዙም እንዲሁ ይደረግ። ሦስተኛ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት የማዳመጫ ጊዜ ይመደብ። ለመጀመሪያው ቀን ሁለቱን «ዘ ማን አይ ላቭ»፣ የ1959ኙንና የ1960ውን፣ አከታትለን እናሰማ። ከዚያ በኋላ የስቱዲዮው ይበልጣል የሚል ቢኖር ምክንያቱን ለመስማት ዝግጁ ነን፤ ይህ ጋዜጣም ገጹን ለመልሱ ክፍት ያደርጋል።