«ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» ማስረጃ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

አንቲኦክሲደንትና አሚኖ አሲድ አቀላቅለው የያዙ ሰፕሊመንቶችን የሚያወድሱ ጽሑፎች መከራከሪያቸው አንድ ነው፤ ሕመም እነዚህን ንጥረ ነገሮች ከሰውነት ያሟጥጣል፣ ስለዚህ የጎደለውን መሙላት ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም። ሐሳቡ ለጆሮ ይጥማል፤ በሰው ላይ ሲፈተን ግን ወድቋል። ሬዶክስ የተባለውና ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በካናዳ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ በሚገኙ 40 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች 1,223 ሕሙማንን በዕጣ በአራት ቡድኖች መደበ። አንዱ ቡድን ግሉታሚን የተባለውን አሚኖ አሲድ፣ ሌላው ሴሊኒየም፣ ዚንክ፣ ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ሲና ኢ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም፣ አራተኛው ማስመሰያ ብቻ ተሰጠው። በ28 ቀን ውስጥ ግሉታሚን ካገኙት 32.4 በመቶ ሞቱ፤ ካላገኙት 27.2 በመቶ። በስድስት ወር ልዩነቱ 43.7 ለ37.2 በመቶ ነበር። አንቲኦክሲደንቶቹም ሞትን አልቀነሱም። ደማቸው ከተለካው ጥቂት ሕሙማን ደግሞ አብዛኞቹ ግሉታሚን አልጎደላቸውም ነበር፤ የተሞላው ያልጎደለ ነገር ነው።

«እነዚህ እኮ በመሣሪያ የሚተነፍሱ፣ ብዙ የሰውነት ክፍላቸው የተዳከመ ሰዎች ናቸው፤ መጠኑም ከፍተኛ ነበር» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ጥናቱ ጤነኛን ሰው አንድ እንክብል ይገድለዋል አይልም። ነገር ግን ጤነኞችም ከጉዳት አላመለጡም። ከ35,000 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ቫይታሚን ኢ ብቻ በወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨምሮ መታየቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል፤ በፊንላንድ ቤታ ካሮቲን የወሰዱ አጫሾችም የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በዝቶባቸዋል። «ኤን አሲቲል ሲስቲን የተባለው መድኃኒትስ?» የሚልም አይጠፋም። እርሱ በፓራሲታሞል የተመረዘን ጉበት በእርግጥ ያድናል። ነገር ግን የሚሠራው የጎደለው ነገር ማለትም ግሉታታዮን የተባለው የሰውነት አንቲኦክሲደንት ታውቆ፣ የመድኃኒቱ መጠን ተለክቶ፣ በሐኪም ክትትል ስለሚሰጥ ነው። ይህ ምሳሌ ክርክሬን ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም።

ስለዚህ ስለ እንዲህ ያሉ ቅልቅሎች ስትጽፉ ቅልቅሉ ራሱ ተፈትኖ እንደሆነ፣ በማን ላይና በምን መጠን እንደተፈተነ፣ ተሳታፊዎቹ በመጨረሻ ምን እንደደረሰባቸው አብራችሁ ንገሩን። የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና አጫሾች ደግሞ ከመግዛታቸው በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት እንዲያማክሩ በዚያው ገጽ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ