ድልድይና መርከብ በአንድ ውሃ ላይ

የጎንደር ቀሐ መርከብ የሚሸከም ወንዝ አይደለም፤ ነገር ግን ውሃው በመገጭ አድርጎ ጣና ይገባል፤ በጣናም ላይ ጀልባና ታንኳ ይመላለሳል። የቀድሞ ነገሥታት በዚህ አገር ያሠሯቸው የድንጋይ ድልድዮች ለሚሻገረው ሰውና አጋሰስ ነበሩ፤ ከሥራቸው የሚያልፍ መርከብ አልነበረምና አይነቀፉም።

መርከብ በሚመላለስበት ውሃ ላይ የምድር ባቡር ድልድይ የሚሠራ ግን ሁለት መንገደኛ አለበት። ባቡር ዳገት ስለማይችል ድልድዩን እጅግ ማስረዘም ብዙ ወጪ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች በምሰሶ ላይ እንደ በር የሚዞር ድልድይ አበጁ። መርከቡ ሲጮህ ዘበኛው ባቡሩን በምልክት ያቆማል፤ የሐዲዱን ቍልፍ ይፈታል፤ ድልድዩም ዞሮ ውሃውን ይለቃል። በስዌዝ ቦይ ላይ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 የተከፈተው የኤል ፈርዳን ድልድይ በሁለት ክንፍ የሚዞር ሲሆን፣ የመካከሉ ስፋት 340 ሜትር ነው።

ማን ይቅደም? የአሜሪካ ሕግ በመሠረቱ መርከብ በጠራ ጊዜ ድልድዩ ሳይዘገይ እንዲከፈት ያዝዛል። ይህም በእኛ አሳብ ቅን ነው፤ ውሃው ከሐዲዱ በፊት መንገድ ነበርና። የጋምቤላ ባሮም ቢሆን በቀድሞ ዘመን በክረምት የካርቱምን መርከብ እየተቀበለ ቡናችንን ይሰድ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ለእግረኛውና ለመኪናው ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ወደ ፊት ሐዲድ ወደ ጣና ዳር ቢደርስ ግን፣ ንድፉ ሳይጸድቅ አስቀድሞ የጀልባ ነጂዎችና የታንኳ ቀዛፊዎች ይጠየቁ፤ ውሃው በክረምት እስከ የት እንደሚሞላ ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለም። የመክፈቻው ሰዓትና የዘበኛው ደመወዝም ከብረቱ ዋጋ ጋራ በአንድ መዝገብ ይጻፍ።