የዝናብ ውኃና የቤት ዓሣ

ባለፈው ክረምት በጅማ በቦሳ ኪቶ አንድ ብላቴና፥ በመስተዋት ሣጥን የሚያሳድጋቸውን ዓሦች ደስ ያሰኘ መስሎት፥ ውኃቸውን ሁሉ ደፍቶ ከቆርቆሮ ጣራ በወረደ ዝናብ ተካው። በማግሥቱ ዓሦቹን ሞተው አገኛቸውና አለቀሰ። ጥፋቱ ግን የልጁ ሳይሆን ሳናስተምረው የቀረን የእኛ የታላላቆቹ ነው።

የዝናብ ውኃ ክሎሪን ስለሌለበት መልካም ነው፤ ነገር ግን ለዓሣ የሚያስፈልገው ማዕድን በውስጡ እጅግ ጥቂት ነው። በቆርቆሮው ላይ የተለበጠው ዚንክም ሲበዛ ዓሣን ይመርዛል። ስለዚህ የጣራው ውኃ ለልብስ ማጠቢያ ይሁን፤ ለዓሣው ከሰማይ በቀጥታ የሚወርደውን እንቀበል። 1 ካሬ ሜትር ንጹሕ ላስቲክ ብንዘረጋ፥ 10 ሚሊሜትር ዝናብ 10 ሊትር ውኃ ይሰጠናል።

የሣጥኑ ውኃ 40 ሊትር ቢሆን፥ በሳምንት የሚለወጠው 10 ሊትር ብቻ ይሁን፤ 5ቱ የዝናብ፥ 5ቱ አንድ ቀንና ሌሊት ክፍት ሆኖ የቆየ የቧንቧ ውኃ። ቅዝቃዜውም ከሣጥኑ ውኃ ጋር ይስተካከል፤ ቀስ ተብሎም ይጨመር።

ዓሣ ሲጨነቅ ጮኾ አይጣራምና፥ ጠባቂው አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። በሚመጣው ክረምት ልኩን ከልጆቻችን ጋር አብረን እንለካ።