የሀገር ዘፈን ይሰማ! የየትኛው ሀገር?

ሰሞኑን በግቢያችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ገሚሱ «ሬዲዮ ጣቢያዎች የሀገር ዘፈን በኮታ ያሰሙ» ሲል፣ ገሚሱ «ጆሮ በአዋጅ ይታዘዛል እንዴ?» ይላል። እኛ ከኮታው ወገን ነን። ይሁንና ቁጥር ብቻ የሆነ ኮታ አንቀበልም።

«አድማጭ ራሱ ይምረጥ» የሚሉን ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ይመልሱልን። ሰው የሚመርጠው ከቀረበለት አይደለም ወይ? ያልቀመሰውን ወጥ ማን «ጣፈጠኝ» ይላል? ዘፈን አቅራቢው ቀድሞ መርጦልን ሲያበቃ ነፃ ምርጫ የሚባለው የቱ ላይ ነው?

ቁጥርማ ነበረን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ጣቢያዎች ከሳምንቱ ሥርጭት ቢያንስ 60 በመቶውን ለሀገር ወይም ለአካባቢ ጉዳይ እንዲያውሉ ያዝ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1238 ተተካ። ግን «ጉዳይ» ሰፊ ቃል ነው፤ ዜናውም፣ ስብሰባውም፣ የኳሱ ወሬም ይገባበታል። በዘፈኑም ቢሆን አዲስ አበባ የተቀዱ ጥቂት ዘፈኖችን እያመላለሱ «የሀገር ነው» ማለት ይቻላል። የባሕር ዳር አዝማሪ ከነማሲንቆው፣ የጎጃም እረኛ ከነዋሽንቱ፣ የደቦው እንጉርጉሮ ታዲያ የየት ሀገር ናቸው? ቢሰሙም በበዓል ቀን ነው፤ ያውም «ባህላዊ ዘፈን ነበር» ተብሎ፣ ስም ሳይጠራ።

ፈረንሳዮች ይህን ብልሃት ነቅተውበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ሕግ ከሚሰማው ዘፈን 40 በመቶው በቋንቋቸው እንዲሆን፣ የዚያም ግማሹ የአዲስ ድምፃውያን ወይም አዲስ ሥራ እንዲሆን፣ ያውም ሰው በሚያዳምጥበት ሰዓት እንዲሰማ ደነገጉ። ጣቢያዎች መደጋገም ሲያበዙ በ2016 ደግሞ የፈረንሳይኛው ድርሻ ከግማሽ በላይ በ10 ዘፈን ላይ ከወደቀ ትርፉ ከኮታው እንዳይቆጠር አደረጉ።

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። አንደኛ፣ በክልል ያለ ጣቢያ ከኮታው ግማሹን ለአካባቢው ከያንያን ይስጥ፤ መቅረጫውን ይዞ ጠጅ ቤትና ሠርግ ቤት ይውረድ። ሁለተኛ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ሳይሆን ጆሮ ባለበት ሰዓት ያሰማ። ሦስተኛ፣ የዘፋኙን ስም ይጥራ፤ ይክፈልም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣበት ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ከያኒ በሕግ የታወቀ መብት አለው፤ አዝማሪው ግን ዛሬም ኑሮው በሽልማት ነው።

ጣና ዳር ቆሞ የጣናን ሰው የማያሰማ ጣቢያ 100 በመቶ የሀገር ዘፈን ቢያጫውትስ ምን ፈየደልን?