የአሰልጣኝ መሳይ መንገድ፦ ከወላይታ ድቻ እስከ ዋልያዎቹ

ወላይታ ድቻ በ2009 ዓ.ም የኢትዮጵያ ጥሎ ማለፍ ዋንጫን ሲያነሳ ቡድኑን ይመሩ የነበሩት አሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ ናቸው። በዚያ ዋንጫ የተገኘው የኮንፌዴሬሽን ካፕ ተሳትፎ በቀጣዩ ዓመት የግብጹን ዛማሌክ በመለያ ምት እስከ መጣል አደረሰ። ውጤቱ ከሶዶ እስከ ዲምቱ ላለው ደጋፊ ታላቅ ኩራት ነበር፤ ይሁን እንጂ ድቻ 2 ለ 1 የረታበት የመጀመሪያው ጨዋታ የተካሄደው በሶዶ ሳይሆን በሐዋሳ ነው።

አሰልጣኙ በ2017 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድኑን ሲረከቡ የጠበቃቸው ይኸው የሜዳ ችግር ነበር፤ ያውም ከፍቶ። የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ባለመኖሩ ዋልያዎቹ “የሜዳቸውን” ጨዋታ በባዕድ አገር ያደርጉ ነበር። መጋቢት ላይ ግብጽን በባለሜዳነት ያስተናገዱት ካዛብላንካ ላይ ሲሆን 2 ለ 0 ተሸንፈዋል። ከቀናት በኋላ ጂቡቲን 6 ለ 1 ረቱ። ኅዳር ላይም ኮንጎ ዲሞክራቲክን ኪንሻሳ ውስጥ 2 ለ 1 አሸንፈዋል፤ እርግጥ ኮንጎ ቀድማ ማለፏን አረጋግጣ ነበር፣ ኢትዮጵያም ከምድቡ ግርጌ አልተነሳችም።

በእነዚህ ውጤቶች ብቻ አሰልጣኙን መመዘን ፍትሐዊ አይሆንም። ድቻ ቡድን የሚገነቡበት ዓመታት ሰጥቷቸው ነበር፤ ብሔራዊ ቡድን ግን ተጫዋቾችን የሚያገኘው ለጥቂት ቀናት ነው። ደጋፊ የሌለበት ሜዳ ሲታከልበት የአሰልጣኝ ለውጥ ብቻውን የሚፈታው ነገር ጥቂት ነው። ግንባታው ዓመታትን ያስቆጠረው የአዲስ አበባው አደይ አበባ ስታዲየም ጥያቄ ከአሰልጣኙ ጥያቄ ይቀድማል።