ደህና በሆኑበት ቀን የሚወሰድ መድኃኒት

በዚህ ሳምንት ደስ ያሰኘኝን ነገር ልንገራችሁ። ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪበያህ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንዲት ወጣት ነርስ ግማሽ ሊትር ባዶ ሃይላንድ ይዛ፣ በእሳት ያጋለችውን ሽቦ ከሥሩ ሰክታ ስትበሳው አየሁ። ፊቷ የተቀመጡት ጺማቸውን ሂና የተቀቡ አዛውንት ናቸው። በትንፋሽ የሚወሰድ የአስም መድኃኒት የያዘውን ፓፍ አፉን በቀዳዳው አስገባች፤ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገችው። ከዚያ በሶማልኛ፣ «አደር (አጎቴ)፣ በቀጥታ ጉሮሮዎ ላይ አይርጩት። መጀመሪያ በደንብ ይወዝውዙት፣ አንዴ ጠርሙሱ ውስጥ ይርጩ፣ በአንገቱ በኩል አፍዎን ገጥመው ቀስ ብለው አምስት ስድስት ጊዜ ይተንፍሱ» አለቻቸው። እንዳለችው አደረጉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከአግዳሚው ማዶ ሆኜ እሰማው የነበረው የደረታቸው ፉጨት ጋብ አለ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስቴ ያርፉ የነበሩት ሰው ስለ ግመሎቻቸው ማውራት ጀመሩ።

ይህ የድሃ ሀገር ማካካሻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ደቡብ አፍሪካዊቷ የሕፃናት ሐኪም ሄዘር ዛር ከባልደረቦቿ ጋር ኬፕታውን ውስጥ አስም የተነሣባቸውን ልጆች በፓፉና በአፍ መካከል በሚገጠም የፋብሪካ ዕቃ (ስፔሰር)፣ በ500 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስና በስታይሮፎም ስኒ አክማ ውጤቱን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳትማለች። በደንብ የታሸገው ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር እኩል ሠራ፤ ስኒው ወደኋላ ቀረ። ያለ ስፔሰር ሲረጩት አብዛኛው መድኃኒት ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ያቺ ነርስ ዘዴውን ከየት እንደተማረችው አልጠየቅኋትም፤ ግን በፋፈን ዞን ያሉ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ አንድ ሽቦና አንድ ጥቅል ፕላስተር ይዘው እንዲህ ቢያደርጉ ስንት ሰው ሌሊቱን ተኝቶ ያድር ነበር!

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ነገሩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ታውቃላችሁ። አስም እንዳለብኝ የተነገረኝ ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰኝ ሳል ነበር፤ ከዚያ ደረቴን እንደ ቀበቶ ጥብቅ አድርጎ የሚይዘኝ ነገር መጣ። ብርድ ነው ተባልሁ፣ ሳይነስ ነው ተባልሁ፣ ብሮንካይት ነው ተባልሁ። ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ዳማከሴ፣ ጎረቤቴ በፍቅር ያመጣችልኝ ትኩስ የግመል ወተት፣ አሞክሳሲሊን። እኛ ሀገር ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የቲቢ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ይህ ትክክል ነው፣ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። «አክታሽ ነፃ ነው» ይሉና በሩን ያሳዩሻል። ቲቢ ካልሆነ ምንድነው? ብሎ የሚቀጥል ሰው እስኪገኝ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ።

ሐኪሞቹን ብቻ ልወቅስ አልችልም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሀገሪቱ የራሷን የሳንባ ስፔሻሊስት የምታፈራበት ቦታ አልነበራትም። ግን አስምን ለማወቅ ሁልጊዜ ስፔሻሊስት አያስፈልግም። ፒክ ፍሎ ሜትር የሚባል በትንፋሽ የሚገፋ ቀላል ቱቦ አለ፤ መብራት አይፈልግም። በሽተኛው በሙሉ ኃይሉ ይነፋል፣ ሳልቡታሞል ይወስዳል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደግሞ ይነፋል። ቁጥሩ በ20 በመቶና ከዚያ በላይ ከጨመረ የጠበበው የአየር ቧንቧ መድኃኒት ሲያገኝ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ይህ ትልቅ ምልክት ነው። የደም ግፊት መለኪያ የሌለው ጤና ጣቢያ ብናይ እንጮሃለን። የትንፋሽ መለኪያ ባለመኖሩ የሚጮህ ሰው አልሰማሁም።

በአዋቂነት የሚጀምር አስም ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሴቶች ላይ ይበዛል፤ እንደ ልጆቹ ከዕድሜ ጋር የመተው ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ አንዳንዴም ከሥራ ይመጣል። ዱቄት የሚያቦኩ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ በረኪና ሲደፉ የሚውሉ የጽዳት ሠራተኞች ይህን ማወቅ አለባቸው። አስም ያለባቸው አንዳንድ አዋቂዎች አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ለወገብ ሕመም በየክሊኒኩ የሚወጋውን ዲክሎፌናክንም አይችሉትም፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ለደም ግፊትና ለልብ የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎልም እንዲሁ አደገኛ ነው። መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት «አስም አለብኝ» በሉ። ሳትጠየቁም ተናገሩ።

አሁን ወደ ቆየው ጠቤ ልምጣ። በዚሁ ሳምንት አንድ ፋርማሲ ገብቼ ቤክሎሜታዞን፣ ማለትም ቡናማውን ፓፍ ስጠይቅ፣ «እሱ አይሄድም፣ ገዢ የለውም፤ ሰማያዊው አለ» ተባልሁ። ሌላ ዘንድ ሄድሁ፤ መልሱ ያው ነው። ሰማያዊው፣ ሳልቡታሞሉ፣ የቧንቧውን ጡንቻ ለጥቂት ሰዓት ያላላል። ደግ መድኃኒት ነው፤ የእኔንም ነፍስ ከአንድም ሁለት ጊዜ አትርፏል። ነገር ግን አስም ማለት የአየር ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ውስጡን መቆጣቱና ማበጡ ነው፤ ሰማያዊው እብጠቱን አይነካውም። እብጠቱን የሚያበርደው ቡናማው ነው፤ እሱም ጠዋትና ማታ፣ ደህና በሆኑበትም ቀን፣ ለሳምንታት ሲወሰድ ነው። ዛሬ ወስደውት ዛሬ ስለማይሰማቸው ሰዎች «አይሠራም» ብለው ይጥሉታል። ሰማያዊው ወዲያው ስለሚሰማ ይወደዳል። ስለዚህ ፋርማሲው የሚሸጠውን ያመጣል፣ በሽተኛውም ያለውን ይገዛል፣ በዚህ መካከል እብጠቱ በየሌሊቱ ይብሳል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ጂና የሚባለው የዓለም አስም መመሪያ ትልቅ ለውጥ አደረገ፤ አዋቂን በሰማያዊው ፓፍ ብቻ ማከም ይቅር፣ ማንኛውም አስም ያለበት አዋቂ በትንፋሽ የሚወሰድ ስቴሮይድ ይኑረው አለ። ምክንያቱን ስሙት። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሰማያዊ ፓፍ ጣሳ የሚጨርስ ሰው፣ አንዱ 200 ግፊት ያለው ማለት ነው፣ ለከባድ ጥቃት የመጋለጥ ዕድሉ ይጨምራል። አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ደግሞ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። በወር አንድ ጣሳ ጨርሶ «መድኃኒቴን በደንብ እወስዳለሁ» የሚል ሰው በዚህች ከተማ የማያውቅ አለ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 አስም 455,000 ሰው ገድሏል፤ አብዛኞቹ የሞቱት እንደ እኛ ባሉ ሀገሮች ነው።

«ፓፍ አንዴ ከጀመሩት አይለቅም» የሚሉኝ አሉ። የማይለቀው አስሙ ነው። «ሆርሞን ነው፣ ያወፍራል» የሚሉም አሉ። በትንፋሽ የሚገባው ስቴሮይድ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮግራም ነው፤ ጥቃት ሲነሣ የምንውጠው ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በቀን 40 ሚሊ ግራም ያህል ይደርሳል። ትንሹን ፈርቶ ትልቁን የሚውጥ ሰው ያሳዝነኛል። ከቡናማው በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት ብቻ አይረሳ፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ቁስል ይወጣል።

ከቶጎ ውጫሌ የጻፉልኝ እናት፣ ልጄ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ፓፉን እንድታቆም ጎረቤት መከረን፣ ምን ትያለሽ? ብለውኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እኔን የሚከታተለኝን ሐኪም ጠየቅሁ። አታቁም ነው መልሱ። እናት ትንፋሽ ሲያጥራት ፅንሱም ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ያልታከመ አስም ከቡናማው ፓፍ ይልቅ ልጁን ይጎዳዋል። እትዬ፣ ልጅዎን ወደ ነፍሰ ጡር ክትትሏ ስትሄድ ሁለቱንም ፓፎች ይዛ እንድትቀርብ ይንገሯት፤ አትደብቃቸው። ስለ ረመዳንም ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ጠዋትና ማታ የሚወሰደው መድኃኒት ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር ይገጥማል፤ በጾም የተነሣ የሚቋረጥበት ምክንያት የለም። ቀን ላይ ጥቃት ቢነሣስ? ጾም ያፈርሳል አያፈርስም የሚለውን ሼኾቻችሁን ጠይቁ፤ ጥቃት ሲነሣ ግን ማንም ሰው ትንፋሹ እስኪጠፋ መጠበቅ የለበትም።

መደበቁ ነው ከሁሉ የሚያቃጥለኝ። ለሠርግ የታጨች ልጅ ፓፏን ቦርሳዋ ውስጥ በሻሽ ጠቅልላ፣ መጸዳጃ ቤት ገብታ ስትረጭ አይቻለሁ። መነጽር ማድረግ እንዲህ አይደበቅም።

የዚያችን ልጅ አስም ያስነሣው የከሰልና የዕጣን ጭስ ነበር። ከዚህ ቀደም ስለ ከሰልና ስለ ዳብቃድ፣ ማለትም ስለ ዕጣን ማጨሻው፣ ጽፌ የተቆጣችሁኝ አላችሁ፤ ባህላችንን ነካሽ አላችሁኝ። ዳብቃድ እወዳለሁ። ከስኳር፣ ከዕጣንና ከሽቶ የሚሠራው ኡንሲ ማታ ማታ ከየቤቱ ሲወጣ ጅግጅጋ ጅግጅጋ የምትሸተው ያን ጊዜ ነው። እኔም በቅዳሴ ዕጣን ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ከበሩ አጠገብ ቆሜ አስቀድሳለሁ። የምለው፣ መስኮቱ ይከፈት፤ ልብሱ ግቢ ውስጥ ይታጠን፤ አስም ያለበት ሰው ካለ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል ነው። ጫት የሚቃምበት ዝግ ክፍል ውስጥ የሚነደው ሲጋራ ግን ምንም መከላከያ አይገባውም፤ ዝግ በሆነ የሕዝብ ቦታ ማጨስ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ተከልክሏል። በጅማና በዙሪያዋ ገጠር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት አስምን ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ውስጥ በርክቶ አግኝቶታል፤ በዚያው በጅማ በኋላ የተሠራ ሌላ ጥናት ቤት ውስጥ ኬሮሲን ማንደድን ከአለርጂ ጋር አያይዞታል። ጅግጅጋ ባጃጇንና ፎቋን ይዛ በምን ፍጥነት እያደገች እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ግን ገጠሩም ቢሆን አሁን ንጹሕ አየር ብቻ አይደለም። ከጤና ጣቢያው ስመለስ ከመስኮቱ ውጭ ግራና ቀኙ ነጭ አበባ ለብሶ ነበር። ሩቅ ላለ ሰው ያምራል። ፓርቴኒየም ነው፤ አማራው ቅንጬ አረም ይለዋል፣ ሐረርጌ ፋራምሲሳ፣ እዚህ ከሊጊ ኖሌ። አንዳንዱ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ከወታደር መኪና ጋር ገባ ይላል፣ ሌላው በእርዳታ ስንዴ። የጅግጅጋን የግጦሽ ሜዳ ሣሩን እያጠፋ ይዞታል፤ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል። አርብቶ አደሩ ስለ ሣሩና ስለ ወተቱ ያዝናል፤ ትክክል ነው። ስለ ደረት የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ህንድ ውስጥ ባንጋሎር ላይ ሐኪሞች የዚህን አረም ብናኝ ከአለርጂና ከአስም ጋር ካያያዙት ብዙ ዓመት ሆኗል፤ በባዶ እጅ ለሚነቅለው ሰው ደግሞ ቆዳውን ያቆስለዋል። በ2008 ዓ.ም. ወለንጪቲ አካባቢ ይህን አረም ብቻ የሚበላ ከሜክሲኮ የመጣ ጥንዚዛ ተለቅቋል፤ እዚህም መጥቶ ማየት እመኛለሁ።

እስከዚያው በእጅና በዶማ ነው። አረሙ ከረን የሚባለው ዝናብ ሲጥል ይበቅላል፣ ካበበ በኋላ መንቀል ብናኙን ማዝራት ነው፤ ስለዚህ ከማበቡ በፊት ይነቀል። ቀበሌና ትምህርት ቤቶች ለዘመቻ ሲያስወጡ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ የሌለው ልጅ ወደ ሜዳው አይግባ። አስም ያለበት ልጅ ደግሞ መሸፈኛ ቢኖረውም አይግባ፤ ውኃ ያመላልስ፣ ስም ይመዝግብ።